መቶ አሥራ ሁለት «አላውቅም»

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ጉሙ እስከ አራት ሰዓት አልተነሳም። ጎደሬ ቀቅዬ በላሁና ወደ ችግኝ ጣቢያ ወረድኩ። ከነወሰንየለሽ ጋር ላስቲክ ውስጥ አፈር ስንሞላ ዋልን። ወገቤ... ተዪው፣ ወገብሽን ማን ጠየቀ።

ዘጠኝ ሴት ሆነን ነው የቡና ችግኝ የምናፈላው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወሰንየለሽ ናት፣ የማኅበሩ አፍ እኔ ነኝ። ገዢ ሲመጣ የማስረዳው እኔ። ዘር የምንለቅመው ከአሥራ ስድስት እናት ዛፎች ብቻ ነው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። አንደኛዋ ቅርንጫፏ እስኪሰበር ታፈራለች፣ በሽታ ሲመጣ ግን አትችልም። አሥራ አንደኛዋ፣ ወንዝ ማዶ ያለችው፣ ፍሬዋ ትንሽ ነው። ያ ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ ግን ነክቷት አያውቅም። ጎረቤቶቿ ከል ሲለብሱ እሷ ቀይ። ሰው ሁሉ የሷን ልጆች ነው የሚፈልገው። ልጆቹ ደግሞ ሲበቅሉ እንደ አራስ ልጅ ናቸው፣ የአንዳንዱ ለጋ ቅጠል ቀይ የአንዳንዱ አረንጓዴ ከመሆኑ በቀር ሁሉም አንድ መልክ። የማን ልጅ እንደሆነ ምልክቱ ካልነገረሽ ማንም አይነግርሽ።

ወልደጻድቅ መጣ፣ ከሸኮ። ድሮ መሠረተ ትምህርት አብረን ነው ፊደል የቆጠርነው። አልተቀመጠም። እጁን ኪሱ ከቶ አንድ እፍኝ ፍሬ አወጣ። ጥቁር፣ ጭምድድ ያለ።

«ውድነሽ፣ ይሄ ከናንተ የወሰድኩት ነው። አራት ዓመት አሳድጌ፣ ዘንድሮ ደህና አፈራ ስል... እይው።»

«አየሁት።»

«አሥራ አንደኛዋ ናት ብለሽኝ አልነበር?»

ወሰንየለሽ ቀደመችኝ። «ጥላ በዝቶበት ይሆናል አቶ ወልደጻድቅ። ከላይ ያለውን ዛፍ ያሳሱት።»

እኔ ዝም። እኔ! ዝም!

«ለክረምት ሁለት መቶ ችግኝ ትሰጡኛላችሁ» አለ። «የአሥራ አንደኛዋን። ይሄም ካልሆነ ቡና በቃኝ፣ ነቅዬ ባሕር ዛፍ ነው የምተክለው።»

ጥላው አይደለም። እኔ አውቃለሁ ምን እንደሆነ።


ታኅሣሥ 16

ልጻፈው። ማን ያነበዋል?

ያን ዓመት ዝናቡ ምልክቱን አጥቦት ነበር። እንጨት ላይ በማርከር ነበር የምንጽፈው። ሁለት መደብ ችግኝ ፊቴ ቆሟል፣ አንዱ የአሥራ አንደኛዋ ነው፣ የትኛው? የወልደጻድቅ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። «ይሄኛው ነው» አልኩ። ለምን? እንጃ። አላውቅም ማለት ደበረኝ። ሰው ሁሉ «ውድነሽን ጠይቁ» እያለ... ውድነሽ አላውቅም ትበል?

ይኸው ነው። አራት ዓመት ለማንም አልተነፈስኩም።


ታኅሣሥ 20

የልጄ ልጅ ማራናታ ጠረጴዛውን በወረቀት ሞላችው። ለማስተርሷ የምትጽፈው ነው። እራት የማስቀምጥበት አጣሁ። ወረቀቱን ባየው ዜሮ እና አንድ፣ ዜሮ እና አንድ።

«ማሬ፣ ይሄ የተማሪ ውጤት ነው? ምነው ሁሉም ወደቁ?»

«ኮድ ነው እማማ» አለችኝ እየሳቀች። ስህተት አራሚ ኮድ ይባላል። መልእክት ሲላክ መንገድ ላይ ይበላሻል። ዜሮው አንድ ይሆናል፣ አንዱ ዜሮ። የሚቀበለው ግን ላኪውን ሳይጠይቅ የቱ ጋ እንደተበላሸ አውቆ ያስተካክለዋል።

«ሳይጠይቅ?»

«ሳይጠይቅ።»

«ነቢይ ነው?»

«ሂሳብ ነው እማማ።»

ሂሳብ ነው ትላለች! የጠፋውን ራሱ የሚያገኝ ሂሳብ? እኔ የማውቀው ሂሳብ ሱቅ ነው ያለው።

ስለኛ ጣቢያ ነገርኳት። ማርከሩን ዝናብ ያጥበዋል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ቆርቆሮ ብንተክል ሌባ ያነሳዋል። መደቦቹንም ውሃ ሲተኛባቸው እናዛውራቸዋለን፣ ቦታቸውን አስታውሳለሁ ብትዪ ዋጋ የለውም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ስንት ዛፍ ነው ያላችሁ?» አሥራ ስድስት ስላት ዓይኗ በራ። ምን እንዳበራው አልገባኝም።


ታኅሣሥ 22

ክር አልኩ። የማዳበሪያ ጆንያ ክር አይበሰብስም። ከአንድ ዱላ ላይ እንደ ጋቢ ዘርፍ ይንጠልጠል፣ የተቋጠረ አለ፣ ያልተቋጠረ አለ። በዚያ እንለይ። ማሬ አጨበጨበች። አራት ክር ለአሥራ ስድስት ዛፍ ልክ ይበቃል አለች፤ ለአንድ ክር ሁለት፣ ለሁለት ክር አራት፣ ለሦስት ስምንት፣ ለአራት አሥራ ስድስት።

«አንዱ ቢፈታስ?» አልኳት።

«የሌላ ዛፍ ስም ይሆናል።»

«እንግዲያው እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ እንድገመው። አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ይመሰክራሉ። እኔ ነገር የምደጋግመው ለምን ይመስልሻል?»

«እሱም አንድ ኮድ ነው» አለች፣ ከምሯ። አላሾፈችም! «ግን አሥራ ሁለት ክር ይፈጃል። እኔ በሰባት እሠራልሻለሁ።»

በሰባት? እንዴት ሆኖ? አራቱ ለስሙ ከሄደ ሦስት ነው የቀረው። ሦስት ክር ሰባቱንም ሊጠብቅ?

ሰባት ክር ሠርታ ሰጠችኝና ጀርባዋን አዞረች። «የፈለግሽውን አንድ ፍቺ፣ ወይ ያልተቋጠረውን ቋጥሪ።» አምስተኛውን ፈታሁ። ዞራ ቆጠረች። «አምስተኛው።» ሁለተኛውን ቋጠርኩ። «ሁለተኛው።» ሰርቀሽ አይተሻል ብዬ ነጠላዬን ራሷ ላይ ጣልኩባት። «ሰባተኛው።» ምንም ሳልነካ ሰጠኋት። «አልነካሽም እማማ።»

ሳይነገራት። ሳታይ።


ታኅሣሥ 24

ዛሬ ራሴ ሠራሁት! ልጻፈው እንዳይጠፋኝ።

ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ላይ ስንት ቋጠሮ አለ? ሙሉ ከሆነ፣ ማለት ለሁለት እኩል ከተካፈለ፣ ዝም በይ፤ ጎዶሎ ከሆነ አንድ ያዢ። ሁለተኛ፦ 2፣ 3፣ 6፣ 7። ጎዶሎ ከሆነ ሁለት ያዢ። ሦስተኛ፦ 4፣ 5፣ 6፣ 7። ጎዶሎ ከሆነ አራት ያዢ። የያዝሽውን ደምሪ። የተበላሸው ክር ቁጥር እሱ ነው። ምንም ካልያዝሽ ደህና ነው።

በቃ። ሌላ የለውም። ሲቋጠር ጀምሮ ሦስቱም ጥያቄ ሙሉ እንዲመልሱ ተደርጎ ነው የሚቋጠረው፤ ለዚህ ነው የተበላሸው የሚጋለጠው።

ሠላሳ ጊዜ ሞከርኩ። ጎረቤት ጠርቼ ሳላይ አንዱን አበላሺብኝ አልኳት። ሠላሳውንም አገኘሁ። እኔ የአራተኛ ክፍል ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት።


ታኅሣሥ 27

«የአሥራ ስድስቱን ቋጠሮ ሁሉ ማጥናት አለብኝ?» አልኳት።

የለብሽም አለች። አራቱን ብቻ። የአንደኛዋን፣ የሁለተኛዋን፣ የአራተኛዋን፣ የስምንተኛዋን። ሌሎቹ ከነዚህ ይወለዳሉ። አንዱን ዘርፍ በሌላው ላይ ደርቢ፤ ቋጠሮ ባዶ ላይ ሲያርፍ ቋጠሮ ይሆናል፣ ቋጠሮ ቋጠሮ ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ይፈታሉ። የአሥራ አንደኛዋን ስትፈልጊ ስምንትና ሁለትን ደርቢ፣ አንድን ጨምሪበት። ስምንት፣ ሁለት፣ አንድ... አሥራ አንድ! ደረብኩ። በ2፣ በ3፣ በ6፣ በ7 ላይ ቋጠሮ ወጣ። በሦስቱ ጥያቄ ፈተንኩት። ንጹሕ።

ሊኒየር የሚሉት ይሄንን ነው አለች። የቤቱን ልጅ ከቤቱ ልጅ ብትደምሪ የሚወጣው ያው የቤቱ ልጅ ነው፣ ባዕድ አይወጣም።

«እና አሥራ ስድስተኛዋስ?»

«ያልተቋጠረች ናት። ባዶ።»

ምንም አለመቋጠርም ስም ነው። ይሄን ሳስብ ሻዩ በረደብኝ።


ታኅሣሥ 29

የቤተ ክርስቲያኑ የገና ፕሮግራም ቆንጆ ነበር። ስመለስ አንድ ጥያቄ እግሬን ያዘኝ። ሰባት ክር በጠቅላላው ስንት ዓይነት ሆኖ ሊቋጠር ይችላል? ማሬ አልነግርሽም፣ ቁጠሪ አለች። እልህ። ቡና ፍሬ አወጣሁ፣ እጥፍ፣ እጥፍ... መቶ ሃያ ስምንት።

አሁን ደግሞ እያንዳንዷ እናት ግቢ አላት በይ አለችኝ። ራሷ አለች፣ አንድ ክር የተበላሸባቸው ሰባት ጎረቤቶቿ አሉ። ስምንት። የአንዷ ግቢ ከሌላዋ ግቢ ጋር አይነካካም። አሥራ ስድስት ግቢ፣ ስምንት ስምንት...

ፍሬዎቹን ስምንት ስምንት እያደረግሁ መሬት ላይ ደረደርኩ። አሥራ ስድስተኛው ክምር ላይ ፍሬው አለቀ። አንድ አልተረፈም። አንድ አልጎደለም። አፍርሼ እንደገና ቆጠርኩ። አሁንም።

ያኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሸነሸነው? የሰው መሬት ሲካፈል ደም ይፈሳል። ይሄ ሰባት ክር ነው፣ ማንም ሳያየው፣ አንድ ስንዝር ጠፍ ሳይተርፍ፣ አንድ ስንዝር ሳይደራረብ ተካፍሎ ኖሯል። እኛ ሳንወለድ። ማሬ «እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አልቅሻለሁ» አለች። ለማንም እንዳትነግሪ አለች። ለደብተሬ ነው የነገርኩት።


ጥር 4

ዘሩ ገባ። ሠላሳ ስምንት መደብ። ከአሥራ አንደኛዋ አንድ ትልቅ መደብ፣ እንደ አንደኛዋ መደቦች ሁለት መቶ ችግኝ የሚይዝ፣ ለወልደጻድቅ። የተረፈውን ዘር በትንሽ መደብ፣ ስልሳ።

ክሮቹን ስንተክል ወሰንየለሽ ሳቋን ለቀቀችው። «እትዬ ውድነሽ፣ ጣቢያውን የጠንቋይ ደጅ አስመሰሉት!»

«ጠንቋይ ክር ሲያስር ምክንያቱን አይነግርሽም። እኔ እነግርሻለሁ፣ ቁጭ በይ።»

አስቀምጬ አስተማርኳቸው። መጀመሪያ አፌዙ። ከዚያ አንዷ ስታገኝ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም እኔ ልሞክር፣ እኔ ልሞክር።


የካቲት 30

በቀለ።


መጋቢት 18

የአምስተኛዋ መደብ ላይ ሦስተኛው ክር ያለ ቦታው ተቋጥሮ ተገኘ። ነፋስ ይሆናል ያጠላለፈው። ወሰንየለሽ ራሷ ናት ያገኘችው፣ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቃ። ፈታችው። «ድሮ ቢሆን የሌላ ዛፍ ብለን ሸጠነው ነበር» አለች።

ድሮ ቢሆን። አንገቴን ደፋሁ።


ሚያዝያ 11

ውሃ ተኛብን፣ መደቦቹን ወደ ዳገቱ አዛወርን። ሙሉ ቀን። ክሮቹ ከየመደባቸው ጋር ሄዱ፤ ከትልልቆቹ አንዱን ግን ከነክሩ ውሃ ወሰደው፣ የማን እንደነበር ማንም አላየም። ወልደጻድቅ ደወለ። «ክረምት ደረሰ እኮ። እመጣለሁ።» እናቱን የገደልኩበት ይመስል ድምፁን ስሰማ ላብ ያጠምቀኛል።


ግንቦት 9

ጉድ።

ለወልደጻድቅ ያልነውን ትልቁን መደብ ቆጠርኩ። አንደኛ ጥያቄ ጎዶሎ፣ አንድ ያዝኩ። ሁለተኛው ሙሉ። ሦስተኛው ጎዶሎ፣ አራት ያዝኩ። አምስት። አምስተኛው ክር ተፈቷል ማለት ነው። ቋጠርኩት... ሰባቱም ተቋጠሩ። ሰባቱም የተቋጠሩባት ማን ናት? አሥራ አምስተኛዋ።

አሥራ አምስተኛዋ የት አባቷ እዚህ መጣች? ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አየሁ። የአሥራ አምስተኛዋ ልጆች ለጋ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው። የነዚህ ጫፉ ቀይ። አይደለችም!

ሂሳቡ ዋሸ? ከዚያ ታፈሰ ትዝ አለኝ፣ ዘበኛችን።

«ታፈሰ፣ ትልቁ መደብ ላይ ያለውን ክር ነክተሃል?»

«እኔ? እኔ እጠብቃለሁ እንጂ ምን እነካለሁ እማማ?»

«ታፈሰ።»

«...ተፈትቶ አይቼ ቋጠርኩት እንጂ።»

«ስንቱን?»

«ሁለቱን። ሦስተኛውን ልቋጥር ስል ዝናብ መጣ፣ ሮጥኩ።»

«የትኞቹን ሁለት?»

«እኔ እንጃ እማማ። እናንተ ስትለፉ አይቼ፣ ሥራችሁ ሲፈታ ዝም ልበል?»

ምን ልበለው? ስናስተምር ሴቶቹን ብቻ አስተማርን፣ እሱን ማንም ቁጭ በል አላለውም። ያልተቋጠረ ክር ለሱ ሥራ ያላለቀበት ነው። ለኛ ስም ነው።


ግንቦት 10

ለማሬ ነገርኳት። ኮዱ አንድ ሲበላሽ እንጂ ሁለት ሲበላሽ አያውቅም አለች። አያውቅም ብቻ ቢሆን! አውቃለሁ ብሎ የሌላ ሰው ቤት ያስገባሻል።

«ለምን ደፈረ?»

«ጠፍ መሬት ስለሌለው እማማ። አንቺ ራስሽ ቆጥረሻል። የትም ብትወድቂ የአንዷ ግቢ ነው።»

ያስለቀሰኝ ሙላቱ ነው ያሳሳተኝ። ለካ ምንም ያልተረፈው ነገር መሳሳቱንም የሚያስቀምጥበት የለውም።

አምስተኛውን መልሰን ፈታን። ታፈሰ ሁለት ቋጠርኩ ካለ የሚሆኑት ሦስት እናቶች ብቻ ናቸው አለች፣ ሠርታ አሳየችኝ። አንደኛዋ፣ አሥረኛዋ፣ ወይ አሥራ አንደኛዋ። የአሥረኛዋ ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ወጣች። የሁለቱ ግን ቀይ ነው። የአንደኛዋ ስንት መደብ ነበር የዘራነው? ወሰንየለሽ ሦስት ትላለች። ሌላዋ ሴት አራት ትላለች። አሁን ያገኘነው ሦስት ነው፤ ውሃ የወሰደው የአንደኛዋ ይሁን የአሥራ አንደኛዋ ማን ያውቃል።

እና... ወይ በሽታ የማይነካት፣ ወይ በሽታ የሚጨርሳት። ሁለት መደብ ፊቴ ቆሞ ነበር ያኔም።

«ማሬ» አልኳት። «አላውቅም የሚል ክር የለም?»

«አለ» አለች። «አንድ ክር ከጨመርን። ስምንተኛ።»


ግንቦት 12

ስምንተኛው እንዲህ ነው። የሁሉም ቋጠሮ ድምር ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ነው የሚቋጠረው ወይ የማይቋጠረው። ስትመረምሪ ጠቅላላውን ቁጠሪ። ጎዶሎ ከሆነ አንድ ነው የተበላሸው፣ ሦስቱን ጥያቄ እመኚ። ሦስቱም ዝም ካሉ ራሱ ስምንተኛው ነው የተበላሸው። ጠቅላላው ሙሉ ሆኖ ጥያቄዎቹ ግን ካጉረመረሙ... ሁለት ተበላሽቷል። እጅሽን አንሺ። አላውቅም በይ።

ፍሬ አወጣሁ እንደገና። አሁን ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቦታ ነው። እናቶቹ ከነግቢያቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ወሰዱ፣ መቶ አርባ አራት። የተረፈው መሬት ላይ ተበትኖ ቀረ። ቆጠርኩት። መቶ አሥራ ሁለት።

መቶ አሥራ ሁለት የአላውቅም ቦታ! አንድ ቀጭን ክር ነው የጨመርነው፣ ከየት መጣ ይሄ ሁሉ ሜዳ? ለእውነቱ አሥራ ስድስት ቦታ፣ ለሚታረመው መቶ ሃያ ስምንት፣ አላውቅም ለማለት መቶ አሥራ ሁለት። ፈጣሪ ቁጥርን ሲሠራ ለዚህም አስቦለታል? ሰው የሚያፍርበትን ነገር ቁጥር ቦታ ሰጥቶታል።

እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ አንድ ቦታ አልነበረኝም።


ግንቦት 24

በመደቦቹ ሁሉ ላይ ስምንተኛውን ጨመርን፣ እያንዳንዱን በሦስቱ ጥያቄ እያጠራን። ታፈሰም ተማረ። ከሁላችን ፈጥኖ ነው የገባው፣ ነገረኛ። ትልቁ መደብ ላይ ስምንተኛ አላሰርንም። ምን ብለን እንሠር?

ወልደጻድቅ ሰኔ 20 እመጣለሁ ብሏል።


ሰኔ 20

መጣ። አይሱዙ ተከራይቶ፣ ሁለት ሰው ይዞ፣ ለመጫንና ለማውረድ። ቆንጨራቸው እንኳን ተስሎ ነበር። ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል።

ወሰንየለሽ ጆሮዬ ስር «እትዬ፣ ዝም ብለው ይስጡት» አለች። «ግማሽ በግማሽ ነው። አሥራ አንደኛዋ ብትሆንስ?»

ብትሆንስ። እውነቷን ነው፣ ልትሆን ትችላለች። ማንም አያውቅም። ፍሬ እስክታሳይ አራት ዓመት አለ፣ እኔ እስከዚያ ልኑር አልኑር... ይሄም በልቤ መጣ። አልዋሽም፣ መጣ።

«ወልደጻድቅ» አልኩ። «ይሄ መደብ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም።»

«ምን ማለት ነው? አሥራ አንደኛዋ አላልሽም?»

«ወይ እሷ ናት ወይ አንደኛዋ። አላውቅም።»

ሳቀ መጀመሪያ። ውድነሽ አላውቅም ስትል ሰምቶ አያውቅማ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ያኔም አላውቅም ነበር» አልኩት። «ከአራት ዓመት በፊት። ምልክቱ ጠፍቶ ነበር። ገምቼ ነው የሰጠሁህ።»

የመኪናው ሞተር ብቻ።

«አራት ዓመት?»

«አራት ዓመት።»

«ጥላ ነው ብላችሁ ዋንዛዬን ቆረጥኩ እኮ። አባቴ የተከለውን ዋንዛ! እዚሁ ቆመሽ ሰማሽ እኮ፣ ውድነሽ። አፍሽ የት ነበር?»

ባዶ መኪና ይዞ ሄደ።


ሰኔ 22

ወሰንየለሽ ሰላም አትለኝም። ገዢ ሲመጣ ሌላ ሰው እንዲያናግር ተወሰነ። ይገባኛል። ማሬ «ትክክል ነው ያደረግሽው» አለችኝ። ትክክል ከአራት ዓመት በፊት ነበር ልጄ፣ ይሄ እርማት ነው። እርማት ደግሞ ዋንዛ አይመልስም።

እሷ ስለ ስምንተኛው ክር አንድ ምዕራፍ ጻፈች። የድሮ ነገር ነው፣ ሌሎች ቀድመውኛል አለች። እኔን ግን ማን ቀደመኝ?


ሰኔ 27

የሰማሁት... ወልደጻድቅ ከገበያ የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዝቷል።


ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዝናብ ነበር፣ የሚያደነቁር። ከጣቢያው ዳስ ስር ከጆንያ ክር ስመዝ በባጃጅ መጣ። ብቻውን። ሰላም አላለኝም። ጆንያ ላይ ተቀመጠና ውሃውን ከፊቱ ጠረገ።

«ታፈሰ ሸኮ ገበያ አግኝቶኝ ነበር» አለ። «ክሩን ነገረኝ። ትንሽ መደብ አለ ይላል፣ የአሥራ አንደኛዋ።»

«አለ። ስልሳ ነው።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እኔ...»

«አንቺን አልጠየቅኩሽም። አንቺን ከእንግዲህ አላምንሽም።» ክሩን ከእጄ ወሰደ። «አስተምሪኝ። ራሴ እቆጥራለሁ።»

አስተማርኩት። ድሮ ፊደል ስንቆጥር ከፊቴ ተቀምጦ እኔ በትከሻው አሻግሬ ነበር የምሰርቀው፤ ዛሬ ጎን ለጎን ነን። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጣ፣ እኔን አይደለም፣ ጣቱን። በሦስተኛው ያዘው። ከዚያ ነጠላ እንኳን ሳይደርብ ዝናቡ ውስጥ ወጣ፣ ትንሹ መደብ ጋ ተንበረከከ። ልከተለው ስል እጁን አነሳብኝ፣ ባለሽበት።

ከዳሱ ሆኜ እሰማለሁ።

«ጠቅላላ... ሦስት። ጎዶሎ። አንድ ተበላሽቷል።» ትናንት አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር! «አንደኛ። ሁለት ቋጠሮ፣ ሙሉ። ሁለተኛ... ሦስት። ጎዶሎ፣ ሁለት ያዝኩ። ሦስተኛ፣ አንድ። ጎዶሎ። አራት ያዝኩ።»

በጣቱ ደመረ።

«ስድስተኛው!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልጅ ጮኸ። «ስድስተኛው ነው የተፈታው!»

እኔ አልነገርኩትም። እኔም አላውቅም ነበር። ማንም በሌለበት የተፈታችውን ቋጠሮ ክሮቹ ራሳቸው ነገሩት፣ ለሱ፣ እኔን ላላመነው ሰው።

ቋጠራት፣ በጥርሱ ጭምር ጠበቅ አድርጎ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ። አሥራ አንደኛዋ። ዳሱ ስር ተመልሶ ሲገባ ጢሙ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ ግን... ማሬ አሥራ ስድስት ዛፍ ስላት የበራው ዓይነት።

«ይሄንን ማን ሠራው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ሳላፍር።

ስልሳውን ወሰደ። ላይኛው ማሳ ላይ ባሕር ዛፉን እተክላለሁ፣ ተገዝቷል፣ ታችኛው ላይ ቡናውን አለ። ይቅርታ ስለው መልስ አልሰጠኝም። ትልቁን መደብ ወሰንየለሽ «የማን እንደሆነ አይታወቅም» ብላ በሰፊው ጽፋበት በርካሽ አወጣችው። የሚገዛም ተገኘ፣ እያወቀ።

ዱላዋን ከነክሯ ለወልደጻድቅ ሰጠሁት። ባጃጁ ውስጥ ችግኙን አቅፎ ተቀመጠ፣ ዱላዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሹፌሩ አስነሳ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ይሰማኛል፣ ለሹፌሩ እያሳየው ነው፣ የአሥራ አንደኛዋን ቋጠሮዎች በጣቱ እየነካ፦

ሁለት... ሦስት... ስድስት... ሰባት።